ጀማሪው መምህር መስከረምን ሲጠብቅ

ነሐሴ ሲጋመስ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የምደባ ደብዳቤ የሚጠባበቁ ወጣቶች ይበረክታሉ። ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም ከዩኒቨርሲቲ የወጡ አዲስ ምሩቃን ናቸው። የት ተመደብኩ? መኪና ይገባል? የቤት ኪራይ ስንት ነው? የመጀመሪያው ደመወዝ መቼ ይወጣል? እያሉ ይጠያየቃሉ። ጮክ ብለው የማያነሱት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ስልሳ ሰባ ልጅ ፊት ብቻዬን ስቆም ምን አደርጋለሁ?

አገራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ስትፈልግ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ትኩረቷ ግን ሁልጊዜ ከምደባ በፊት ባለው ሥልጠና ላይ ነው። መምህሩ ደብዳቤውን ይዞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ማን ይቀበለዋል የሚለው ጉዳይ ተዘንግቶ ቆይቷል። የመምህርነት ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው የሚወሰነው ግን እዚያ፣ በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ሥልጠናው ሲቀያየር

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት ያስተምሩ የነበሩት በሐና ሳሊብ የሚመሩ ግብፃውያን ኮፕቶች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን መምህራንን በመደበኛነት ማሠልጠን የተጀመረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ቆይቶም ሐረርና ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ተከፈቱ። መምህሩ ግን አሁንም ጥቂት ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት እንዲያገለግሉ ግዴታ ሲጥልባቸው ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተማሩት ለዚህ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰርተፊኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ዲፕሎማ፣ ከዚያ በላይ ዲግሪ ጠየቀ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሠልጣኙ ገና በትምህርት ላይ ሳለ ክፍል ገብቶ የሚለማመድበት ፕራክቲከም ሰፋ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፒጂዲቲ የሚባለው፣ በሌላ ሙያ ዲግሪ የያዘ ሰው ማስተማርን በአንድ ዓመት የሚማርበት አሠራር መጣ። ይህ መንገድ መምህር ለመሆን አስቦ የማያውቅ፣ ሥራ ያጣ ምሩቅም ወደ ክፍል እንዲገባ በር ከፈተ። ኋላ እሱም ተከልሶ የትምህርት ዓይነቱና የማስተማር ሥልጠናው በአንድ ላይ ወደሚሰጥበት ዲግሪ ተመለስን። በ2015 ዓ.ም. ሌላ አዲስ ፖሊሲ ጸደቀ። በዚህ ሁሉ መቀያየር ውስጥ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር የጀማሪው የመጀመሪያ ሳምንት ነው።

ወረቀቱና ክፍሉ

ደንቡን ለሚያነብ ሰው ነገሩ የተሟላ ይመስላል። በመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላል የመጀመሪያው እርከን ጀማሪ መምህር ነው። በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር፣ መምህራን በአጭሩ ተሙማ በሚሉት፣ ነባሩ በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ሲጠበቅበት አዲሱ ደግሞ ለሁለት ዓመት በሜንተር፣ ማለትም በሚያማክረው ነባር መምህር፣ እየታገዘ ሙያውን እንዲተዋወቅ ተደንግጓል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጡት የመምህራን ምክረ ሐሳብም የሙከራ ጊዜው ጀማሪውን ማበረታቻና ወደ ሙያው ማስገቢያ ሊሆን እንደሚገባ ይናገራል።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚታየው ግን ከዚህ ይርቃል። ሜንተር ተብሎ የተመደበው ነባር መምህር የራሱ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ነው፤ ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚቀነስለት የለም። ስለዚህ ጀማሪውን ክፍል ገብቶ ሳያየው ዓመቱ ያልቃል፤ ሰኔ ላይ ፋይሉ ተሞልቶ ይፈረማል። በክፍል ድልድሉም ምርጫው የነባሮቹ ስለሚሆን የተጨናነቀው ክፍል፣ አንዳንዴም ፊደል የሚቆጠርበት 1ኛ ክፍል፣ ለአዲስ መጪው ይተርፋል።

መመዘኛው በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ሰባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ቢከፋፈል የሚደርሰው 34 ሰከንድ ያህል ነው። ጀማሪው በዚህ ጊዜ ውስጥ ስም መጥራት፣ ማስተማር፣ ደብተር ማረም፣ ተከታታይ ምዘና መስጠትና ሥርዓት ማስከበር አለበት። የዓመቱ አጀማመርም ግራ ያጋባዋል። ምዝገባው ይጓተታል፤ ልጆቹ በደንብ የሚመጡት ከመስቀል በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ሰኞ ተጨንቆ ያዘጋጀውን ዕለታዊ ዕቅድ ለግማሽ ክፍል አስተምሮ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና መጀመር ግድ ይሆንበታል።

የአገር ጉዳይ ነው

ጥር 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲያሳውቁ፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን አስደነገጠ። ክርክሩ በፈተናው፣ በኩረጃውና በተማሪው ዙሪያ ሰነበተ። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት መሠረቱ የሚጣለው 1ኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ማን ቆሞ ነበር? ማንስ ደግፎት ነበር? ብሎ መጠየቅ ይገባል። በኮቪድና በጦርነት ዓመታት ትምህርት ያጡ ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱም መጽሐፉ የሚጠብቀውን ሳይሆን እነሱ የደረሱበትን ለይቶ መነሳት የሚችል መምህር ያስፈልጋቸዋል። ይህ ደግሞ ብቻውን ለተተወ ጀማሪ እጅግ ከባድ ነው።

የሚያስፈልገው አዲስ ፖሊሲ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ድልድል ሲሠራ የከበደውን ክፍል ልምድ ላለው ይስጥ፤ ለሜንተሩ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይቀንስለት፤ ጀማሪውም የነባሩን ክፍል ገብቶ እንዲያይ በፕሮግራም ይያዝለት። ወረዳው የመጀመሪያውን ደመወዝ አያዘግይ፤ ቤት ተከራይቶ ለሚጀምር ሰው የአንድ ወር መዘግየት ዕዳ ነው። ወላጅም ልጁን በመጀመሪያው ሳምንት ይላክ፣ አዲሱን መምህርም መጥቶ ይተዋወቀው።

ለአንተም፣ ለአንቺም ደብዳቤውን ለምትጠብቁት፦ የልጆቹን ስም ቶሎ ያዙ፤ ያልገባችሁን ነባሮቹን ጠይቁ፤ ክፍሉ ሲከብዳችሁ አልችልም ብላችሁ አትደምድሙ። መርዳት የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ እርዳታውን መጠየቅም መብታችሁ ነው።