ዓይን ሲቀላ

እዚህ ሞያሌ ንፋስ አቧራውን ሲያነሳ፣ ወይም ምድጃ ሥር ጭስ ሲበዛ፣ ዓይናችን መቅላቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው በንጹሕ ውኃ ሲታጠብ በአንድ ሁለት ቀን ይሻላል። ዓይናር አብዝቶ ጠዋት ሽፋሽፍት የሚያጣብቀው ግን ተላላፊ ነውና ፎጣና ነጠላ አንዋዋስ።

ይበልጥ የሚያሳስበን ትራኮማ፣ በአገራችን አጠራር የዓይን ማዝ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ከተጠቁት አገሮች ቀዳሚዋ ናት፤ ሞያሌ ባለችበት በማርሳቢትም ሲገኝ የኖረ ነው። በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት ይተላለፋል። በጊዜ ከተያዘ በአዚትሮማይሲን ወይም በቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይድናል። ለዓመታት ሲመላለስ ግን የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠብስና ሽፋሽፍቱ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ብዙ እናቶቻችን ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። የተነቀለው ተመልሶ ያድጋል፤ ብሌኑ ከጠፋ ግን አይመለስም። ቆቡን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ በማደንዘዣም ስለሚሠራ አያስፈራም።

ዓይን አጥብቆ ካመመ፣ ብርሃን ካስጠላው፣ እይታ ከደበዘዘ፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ እሾህ ከወጋው፣ ወይም የአራስ ልጅ ዓይን ከመገለ፣ በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ እንሂድ። ሌላውም ቢሆን ከሦስት ቀን ካለፈ ይታይ። ቅጠል መጭመቅ፣ የጡት ወተት ማንጠብ፣ ጎረቤት የተረፈውን ጠብታ መዋስ ይቅር። አንዳንዱ ጠብታ መቅላቱን አጥፍቶ ሕመሙን ያብሳል።

ውኃ እንደሚያጥር እናውቃለን። ለልጅ ፊት ግን አንድ ኩባያ ይበቃል።