አረፋ የሚደፍቀው ፈረስ ያሸንፋል?

በመቂ አካባቢ ለበዓልም ይሁን ለሠርግ ፈረሶች ሜዳ ላይ ሲሰለፉ የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው አንድ ዓይነት ፈረስ ላይ ነው፤ አልቆም ብሎ የሚዘለው፣ መሬት የሚጭረው፣ ልጓሙን እያኘከ አረፋ የሚደፍቀው ላይ። «ፈረስ ማለት ይሄ ነው!» ይባልለታል። ረጋ ብሎ የሚጠብቀው ደግሞ «ይሄማ የጋሪ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስለ ፈረስ የሚወሩ ተረቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግምት ቢያሳስቱ እንጂ ጉዳት የላቸውም። ይሄኛው ግን ፈረስ ይገድላል።

ባለቤቶቹ ሕዝቡ ማየት የሚወደውን ያውቃሉ። ፈረሳቸው በተፈጥሮው ረጋ ያለ ከሆነ እንዲዘል ያደርጉታል። «ቀለል ይበል» እየተባለ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ ይከለከላል። ሲነጋ ልጓሙ ይጠብቃል፤ ጋላቢው በእጁ ወደ ኋላ እየሳበ በእርካቡ ጎኑን ይመታዋል። ሂድም አትሂድም የተባለ እንስሳ ከመዝለል ሌላ ምን ያድርግ?

ከመቂ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ያየሁት አንድ ዳማ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ሌሎቹ ጥላ ፈልገው ሲቆሙ እሱ ፀሐይ ላይ ይሽከረከራል፤ ሰዉም በእልልታና በፉጨት ያጅበዋል። ጠጋ ብዬ ሳየው ከአፉ የሚንጠባጠበው አረፋ ደም የቀላቀለ ነበር፤ የከንፈሩ ጥግ በብረቱ ተሰንጥቋል። በኮርቻው ዙሪያ ላቡ ደርቆ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል። ሲለቀቁ ቀድሞ ወጣ። ሜዳውን ካጋመሰ በኋላ ግን እግሮቹ ተሳሰሩ፤ አንዱ አለፈው፣ ሌላውም ደገመው፤ በመጨረሻ ቆመ። ጎኑ እየተርገበገበ፣ ጋላቢው ደግሞ በአለንጋ እየገረፈው። አጠገቤ የነበሩ አባት «ምን ነካው?» ብለው ጠየቁ። ጉልበቱን ሳይነሳ ጨርሶት ነበር።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የታመመ ፈረስ ይደነዝዛል፣ ራሱን ይደፋል፤ ስለዚህ ንቁውን መምረጥ የቆየ ብልሃት ነው። የእኛ የፈረስ ፍቅር ደግሞ ከጦር ሜዳ የወረደ ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኘው የፈረስ ስም ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን የሚያከብረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓድዋን ፈረሰኞች ውለታ በማሰብ ነው። በዚያ ትዝታ ውስጥ ያለው ፈረስ እሳት የላሰ ነው። ግን ጌታው ሳያዘው የሚዘል ፈረስ ይዞ ማን ይዘምታል?

በሰውነቱም ውስጥ ለእምነቱ የሚያግዝ ነገር አለ። ፈረስ ሲነሳሳ ጣፊያው ያጠራቀመውን ቀይ የደም ሴል ወደ ደም ሥሩ ይለቃል፤ ይህም ለሩጫ ይጠቅመዋል። ነገር ግን መሮጥ ሲጀምርም ይኸው በራሱ ይሆናል፤ አስቀድሞ ማስጨነቅ ትርፉ ድካም ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሃትሰንና ሃስኬል የተባሉ ተመራማሪዎች ፈረሶች ከውድድር በፊት የሚያሳዩትን ጠባይ ከውጤታቸው ጋር አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ይበልጥ የተረበሹትና ለመያዝ ያስቸገሩት ወደ ተሸናፊነቱ ያደሉ ሆነው ተገኝተዋል።

የውሃው ነገር ይብሳል። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ሳይሠራ ቢውል እንኳ በቀን 12 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላቡም ከደሙ ይልቅ ጨው የበዛበት ነው። ውሃ ሳይጠጣ ያደረ ፈረስ ሲሮጥ ሰውነቱ ይግላል፣ ጡንቻው ይጨመደዳል፣ አንጀቱ ይደርቃል። ብዙዎች «በሰው ዓይን ተበላ» የሚሉት ከውድድር ማግስት የሚመጣ የሆድ ቁርጠት መነሻው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ከሩጫው ጥቂት ሰዓት በፊት ጭድና ሣር ማንሳት ተገቢ ነው፤ የሞላ ሆድ ይከብዳል። ውሃ ግን አይከለከልም።

እውነቱን ለመናገር፣ መነሻው ላይ ቆመው «ውሃ የጠጣ ፈረስ አይሮጥም» እያሉ ወጣቱን የሚያሳስቱ አዋቂ ነን ባዮች ያናድዱኛል። ሽልማት ሲገኝ አብረው ይጨፍራሉ፤ ፈረሱ ሲወድቅ አንዳቸውም የሉም። የወደቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ቲማቲምና ሽንኩርት ሲያመላልስ የከረመ፣ የአንድ ቤት እንጀራ የሆነ ፈረስ ነው።

ተፎካካሪዎችን መመዘን የሚፈልግ ሰው ቀደም ብሎ ይምጣና ፈረሶቹ በላላ ልጓም ሲራመዱ ይይ። በሶምሶማ ሲሄዱ ራሳቸውን ይመልከት፦ የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ቀና፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ባለቤቱ ከፈቀደ ሰኮናውን ይዳስስ፤ አንዱ ከሌሎቹ የሚሞቅ ከሆነ ችግር አለ። ከግላሱ ሥር ገጣባ መኖሩን ይይ። ድዱን በጣት ተጭኖ ሲለቅ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ ፈረሱ ውሃ ተጠምቶ ወይም ታሞ ሊሆን ይችላል። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጎኑን እያዩ መቁጠር ነው። ውድድሩ በዙር ከሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የማን ትንፋሽ ቶሎ እንደሚመለስ ነው። በዓለም አቀፉ የረጅም ርቀት ግልቢያ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ ወደ 64 ያልወረደ ፈረስ የቱንም ያህል ቢቀድም ይሰናበታል። ይህን ሁሉ አይቶም አሸናፊውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ማን መሮጥ እንደሌለበት ግን ይታወቃል።

ሌሎቹን ተረቶች ባጭሩ ልለፋቸው። ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ፣ ጉራቻ፦ መልክ ፍጥነት አይሰጥም፣ አይነሳምም። «እግረ ነጭ ፈረስ ሰኮናው ደካማ ነው» ለሚሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርኩ የቤልሞንት ውድድር ተከታዩን በ31 የፈረስ ርዝመት ጥሎ የገባው ሴክሬታሪያት ሦስት እግሩ ነጭ የሆነ ዳማ ነበር። «ባዝራ አትሮጥም» የሚለውን ደግሞ በተከታታይ 33 ውድድር ያሸነፈችው የአውስትራሊያዋ ዊንክስ ዘግታዋለች። ጥርስ ማየት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ዕድሜን በደንብ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ግምት ነው።

የቀረው «ላብ ያጠመቀው ፈረስ ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ይሞታል» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ በፊት፣ የከተማው ሙቀት አስግቶ በፈረሶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተቃራኒውን አሳይተዋል፦ በመላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማፍሰስና ማራመድ ሙቀቱን በፍጥነት ያወርዳል፤ ጡንቻውንም አይጎዳም። ስለዚህ ኮርቻው ወዲያው ይውረድ፣ ፈረሱ ወደ ጥላ ይወሰድ፣ ውሃው ከአንገቱ እስከ ታፋው ይፍሰስበት፤ ባልዲም ይቅረብለትና የፈለገውን ያህል ይጠጣ።