ስፓኒሽ፦ ከወጣቶች ደሴት እስከ አዳማ

ስፓኒሽን እንደ አፍ መፍቻው የሚያወራ ጎልማሳ ኢትዮጵያዊ ያጋጠመው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ያገኘው ኩባ የተማረ ሰው ነው። በ1977 መጨረሻና በ1978 መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ተሰልፈው የሶማሊያን ወረራ ለመመለስ ተዋጉ። ከጦርነቱ በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችና ሌሎችም በሺዎች እየሆኑ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ብዙዎቹ ያረፉት ቀድሞ ፒኖስ ትባል በነበረችው፣ በ1978 ግን «የወጣቶች ደሴት» ተብላ በተሰየመችው ደሴት ላይ ነው። ደሴቲቱ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የተሞላች ነበረች። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ የመጡ ልጆችም እዚያው ይማሩ ነበር።

በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ቀኑ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ግማሹ ቀን ክፍል ውስጥ ያልፋል፤ ግማሹ ደግሞ በግሬፕፍሩትና በብርቱካን እርሻ፣ አረም በመንቀልና ፍሬ በመልቀም። አማርኛቸውና የአገራቸው ታሪክ እንዳይጠፋባቸው ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረዋቸው ሄደዋል፤ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው ግን በስፓኒሽ ነው። አንድ የአሥር ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምግብ ለመቀበል ሲሰለፍ በስፓኒሽ ይጠየቃል፤ እርሻ ላይ ቅርጫቱን ለተቆጣጣሪው ሲያስረክብ በስፓኒሽ ይቆጥራል፤ ሲታመም የት እንደሚያመው ለነርሷ በስፓኒሽ ይናገራል፤ ከአንጎላዊው ልጅ ጋር ኳስ ሲጫወት የሚያግባባቸውም ይኸው ነው። ቋንቋው ከክፍል ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ስለ ኢንቴንሲቭ፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ብዙ ሰዓት ስለሚሰጥ፣ የቋንቋ ኮርስ የሚያስብ ሰው መነሳት ያለበት ከዚህ ይመስለኛል። ልጆቹ ስፓኒሽን የያዙት ብዙ ሰዓት ስለተማሩ ብቻ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ስፓኒሽ የሚሠራ ነገር ስላልነበራቸውም ጭምር ነው።

የሰዓቱ ነገር ግን ችላ አይባልም። ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምረው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ተቋም ከብዙ ዓመት ልምድ ያወጣው ስሌት አለ። በዚያ ስሌት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለመናገር ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል። አማርኛ ደግሞ 1,100 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪም ስፓኒሽን ሲጀምር መንገዱ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይልቅ ይረዝምበታል ብሎ መገመት አይከፋም። የሚያሳጥርለት በትምህርት ቤት የተማረው እንግሊዝኛ ነው። ዝቅተኛውን ቁጥር፣ 600ውን እንያዝ። አዳማ ላይ ከሥራ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል የሚማር ሰው 600 ሰዓት ለመሙላት 133 ሳምንት፣ ማለትም ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ያስፈልገዋል። ሐሙስ የተማረውን እስከ ሰኞ ይረሳል፤ በዓል ሲመጣ፣ ልቅሶ ሲሆን ይቀራል፤ አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ይተወዋል። በቀን አምስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚማር ግን ያንኑ ሰዓት በ24 ሳምንት ይጨርሰዋል፤ በትናንቱና በዛሬው መካከል የሚረሳበት ጊዜም ያጥራል። የኢንቴንሲቭ ኮርስ ዋና ጥቅሙ ይኸው ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለእኛ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ቤተሰቡን ትቶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ እህል ለምኖ እየበላ የሚማረው ቋንቋ ነው፤ ያውም አፉን የፈታበት ሰው ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት ያለፉትን ግዕዝን። ከቀተለ እስከ ቆመ ስምንት የሆኑትን አርእስተ ግስ ይዞ፣ ሌሎቹን ግሶች በእነርሱ ሥር እየመደበ ያወርዳል። ገና ጥቂት ግስ እንደያዘ ጉባኤ ቃና የምትባለውን ሁለት ቤት ያላት ቅኔ እንዲቆጥር፣ ማለትም እንዲደርስ፣ ይታዘዛል። ብቻውን ሄዶ ይቆጥራል፣ መጥቶ ለመምህሩ ይቀኛል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ በማግሥቱም እንደገና። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው ሰዋስው እስኪጨርስ ዝም በል አይባልም። ባለው ጥቂት ቃል ከመጀመሪያው ጀምሮ የራሱን ነገር እንዲናገር ይገደዳል። በየከተማችን ያለው የቋንቋ ክፍል ይህን ቢወርስ በወደድኩ። ተማሪው ደብተር ሙሉ ሕግ ጽፎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ወደ ቤቱ የሚሄድበት ክፍል ብዙ ነው፤ በእንግሊዝኛም ያየነው ይኸው ነው።

ወደ አዳማ እንምጣ። ከተማዋ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፈጣን መንገድ እሷ ዘንድ ያበቃል፤ የጅቡቲ መንገድ፣ ወደ አርሲና ወደ ባሌ የሚወጣው መንገድም ከእሷ ይነሳል። ልጆቿ አፋን ኦሮሞና አማርኛን፣ ብዙዎቹም ጉራጊኛን ወይም ሌላ ሦስተኛ ቋንቋ ይዘው ያድጋሉ። የንፋስ ኃይል ማመንጫው፣ ፈጣን መንገዱና የባቡሩ ሐዲድ በቻይና ኩባንያዎች ሲሠሩ ቻይንኛ ለሥራ የሚያስፈልግ ቋንቋ ሆነ። ስፓኒሽስ ማንን ይጠቅማል?

መልሱ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ተበታትኖ ይገኛል። መቂ የካቶሊክ ቪካሪያት መቀመጫ ናት፤ ከስፔን የመጡ ሚሲዮናውያንም ለብዙ ዓመታት ከአካባቢው ሴቶችና ገበሬዎች ጋር ሠርተዋል። በምዕራብ አርሲ፣ ከሻሸመኔ ብዙም የማይርቀው የጋምቦ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የተጀመረ ሲሆን የስፔን ሐኪሞች እየተመላለሱ ያገለገሉበት ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ሆስፒታል በሐኪሙና በታካሚዋ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ከአፋን ኦሮሞ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሐኪሙ ደግሞ በልቡ ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ ሲመልስ፣ የሕመሙ ነገር በሁለት እርምጃ ይርቃል። ከአፋን ኦሮሞ በቀጥታ ወደ ስፓኒሽ የሚመልስ አንድ ነርስ ወይም አንዲት የጤና መኮንን ቢኖር ብዙ ነገር ይቀላል።

ከዚህም የበለጠ ልብ የሚነካው የጉዲፈቻው ጉዳይ ነው። በ2000ዎቹ ስፔን ከኢትዮጵያ ብዙ ሕፃናትን ከወሰዱ አገሮች አንዷ ነበረች። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ የከለከለችው በ2018 ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎርምሰዋል፤ አንዳንዶቹም የወለዷቸውን ፍለጋ ይመጣሉ። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሦስተኛ ሰው፣ ያውም በሦስተኛ ቋንቋ ሲነጋገሩ ምን ያህሉ ነገር እንደሚቀር ማሰብ አያስቸግርም። «ለምን ሰጠሽኝ?» የሚለውን ጥያቄ፣ መልሱንም፣ ቃናውን ሳይለውጥ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ሲባል ብቻ እንኳ ጥቂት ሰዎች ስፓኒሽን በደንብ ቢማሩ ያስቆጫል የሚል አይኖርም።

ከአዳማ በአሰላ አድርጎ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ደግሞ በቆጂ ያደርሳል። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1992 የ10,000 ሜትር ወርቋን ያጠለቀችው ባርሴሎና ላይ ነው። ለተሰንበት ግደይ በ2020 የ5,000 ሜትርን፣ በ2021 የግማሽ ማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ቫሌንሲያ ውስጥ ነው። አማኔ በሪሶ በ2022፣ ሲሳይ ለማ በ2023 ማራቶን ያሸነፉትም እዚያችው ከተማ ላይ ነው። ስፔን ከአገር አቋራጭ እስከ ማራቶን ለሯጮቻችን የእንጀራ አገር ሆናለች። ወጣቱ ሯጭ ግን ቋንቋውን ስለማይችል ማናጀሩ ያላብራራለትን ውል ይፈርማል፤ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ቅጽ ላይ የወሰደውን መድኃኒት ሲጠየቅ ዝም ይላል።

በእነዚህ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ይጨመራል። ስፓኒሽ ከኅብረቱ ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከአባል አገሮቹ ኢኳቶሪያል ጊኒ ትናገረዋለች። ጽሕፈት ቤቱ ያለው ከአዳማ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ አዲስ አበባ ነው።

ለእኛ ሰው ስፓኒሽ በምኑ ይቀላል፣ በምኑ ይከብዳል? ድምፁ ይቀላል። አምስቱ አናባቢዎቹ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ ናቸው፤ ሁሉም በፊደላችን አሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወራት የሚለፋባትን ጠንካራዋን «ር» እኛ ማጥበቅና ማላላት ስለለመድን ወዲያው እንይዛታለን። «ኝ» እና «ች» እንግዳ አይደሉም። ግሱም ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ እኛ «እናገራለሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ እነርሱም «አብሎ» ብለው ይበቃቸዋል። የአዳማ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ሳያውቀው ጥቂት ቃላት ይዞ ይመጣል፤ ከጣሊያን የወረስነው ካምቢዮ በስፓኒሽም ካምቢዮ ነው፤ ጎማም ኩባ ውስጥ ያው የመኪና ጎማ ነው።

የሚከብደው ሌላ ነው። «ሐኪም ነው» እና «እቤት ነው» በአማርኛ አንድ «ነው» ይበቃቸዋል፤ ስፓኒሽ ግን ለማንነት አንድ ግስ፣ ለቦታና ለጊዜያዊ ሁኔታ ሌላ ግስ ይጠይቃል። ዕቃው ሁሉ፣ ጠረጴዛውም ወንበሩም፣ ወንድ ወይም ሴት ነው። ምኞትና ጥርጣሬ ሲመጣ ግሱ መልኩን ይለውጣል፤ ይህ ለብዙ ተማሪ ዘግይቶ የሚያዝ ነው። የግሱ ሥርዓት ግን የቅኔ ቤትን ስምንት አርእስት ያየ ሰው አያስደነግጠውም፤ ስፓኒሽ ሦስት ብቻ አለው፣ በአር፣ በኤርና በኢር የሚያልቁ።

አስተማሪው ከየት ይምጣ? ኩባ የተማሩት ዛሬ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ሆነው በየከተማው አሉ፤ ብዙዎቹም ለጡረታ ደርሰዋል። የእነርሱ ስፓኒሽ የደሴት ስፓኒሽ ነው። በቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» ይውጣሉ፣ ማድሪድ ውስጥ ለብዙ ሰው የሚባለውን «እናንተ» አይጠቀሙበትም፤ ፈጥነው ይናገራሉ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ተማሪው ግን የሚሄደው ወደ ቫሌንሲያ ከሆነ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ሳምንት ሊነገረው ይገባል። በሌላ በኩል ቋንቋ መቻልና ቋንቋ ማስተማር ሁለት ሙያ ናቸው። ለማስተማሩ በአርሲ ከተሞች ልምድ አለ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ በ2007 ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞቹን በአሰላ ዙሪያ አሠልጥኖ ነበር። ወጣቶቹ በየቤተሰቡ ተመድበው እያደሩ፣ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጥቂት ሆነው ከኢትዮጵያዊ መምህር ጋር አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ይማሩ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የተማሩትን ገበያ ወስደው ሽንኩርት ይገዙበት ነበር። ያንን ያስተማሩ ኢትዮጵያውያን መምህራን ዘዴውን ያውቁታል። ስፓኒሹን ከኩባ ከተመለሰው፣ ዘዴውን ከእነዚህ ወስዶ ማጣመር ይቻላል።

ችግሩ፣ አዳማ ገበያ ላይ በስፓኒሽ የሚሸጥ የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ራሱ ገበያ መሆን አለበት። ተማሪው ከበሩ ሲገባ ሌላ ቋንቋ ላይናገር ቃል ይግባ፤ በአሜሪካ የሚድልበሪ የክረምት ትምህርት ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ የታወቁበት ሥርዓት ይኸው ነው። ቡናው በስፓኒሽ ይታዘዝ፣ ምሳው በስፓኒሽ ይከፈል። ለመጀመሪያ ቀን ከኑራ ኤራ እርሻ የመጣ ብርቱካን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ «ኬ ኤስ ኤስቶ?» (ይህ ምንድን ነው?) ይባል፣ «ኡና ናራንሃ» (ብርቱካን) ይመለስ፤ ይቆጠር፣ ይላጥ፣ ይሽተት፣ ይበላ፣ ስንት እንደቀረ ይጠየቅ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁጥር፣ ቀለም፣ ጾታና አምስት ግስ ይወጣል። የስልክ መተግበሪያዎቹም ማታ ቃል ለመከለስ ይጠቅማሉ፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰውን ግን አይተኩም።

ሁሉም ተማሪ 600 ሰዓት አያስፈልገውም። ለሙሉ አስተርጓሚነት የሚዘጋጀው ስድስት ወር ይቀመጥ፣ ከዚያም የስፔኑ ሰርቫንተስ ተቋም የሚሰጠውን የዴሌ ፈተና ይውሰድ። ለሯጩ ግን ከውድድር ወቅት በፊት የስድስት ሳምንት ኮርስ በቂ ጅምር ነው፤ በቆጂ ወይም አሰላ ላይ፣ ከጠዋቱ ልምምድ በኋላ፣ በቀን ሦስት ሰዓት። ይዘቱ ከሥራው ይነሳ፦ ሰዓትና ኪሎ ሜትር፣ የሆቴልና የአውሮፕላን ማረፊያ ንግግር፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት፣ የሚያመውን ቦታና የሕመሙን ዓይነት መናገር፣ የመድኃኒት ስሞችና የምርመራው ቅጽ ጥያቄዎች። የመጨረሻው ሳምንት ለውል ይሁን። የሽልማቱ ገንዘብ መቼ እንደሚከፈል፣ ከእሱ ለማናጀሩ ስንት በመቶ እንደሚሄድ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል የሚናገሩት አንቀጾች እየተነበቡ፣ ተማሪው እያንዳንዱን በራሱ አፍ ለጓደኛው ያስረዳ።