በሁለት ወንዞች መካከል የውሃ ጥም

ባለፈው ክረምት ገርጂ አካባቢ ጀበና ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀምጬ ሳለ መብራት ጠፋ። ሁላችንም እንደ ልማዳችን “ኤጭ!” አልን። አንዱ ተማሪ ቻርጀሩን ነቀለ፤ ጎኔ የነበሩት አባት ዜናው አመለጠኝ ብለው ተከዙ። ሴትየዋ ብቻ ቀና እንኳ ሳትል ከሰሉን ታራግባለች። ካርቱም 14 ዓመት ኖራ በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት እንደተመለሰች አውቅ ስለነበር ለወግ ያህል፣ “እዚያ መብራት ሲጠፋ ከሁሉ የናፈቀሽ ምን ነበር?” አልኳት።

“ውሃ” አለችኝ።

ጥያቄዬን ያልሰማችው መስሎኝ ደገምኩት። “ሰምቼሃለሁ ወንድሜ። ውሃ ነው ያልኩህ።”

ይህች መልስ ወራት ከአእምሮዬ አልወጣችም። እኛ ኤሌክትሪኩን የምንጠራው በብርሃኑ ነው፦ መብራት መጣ፣ መብራት ሄደ፣ የመብራት ሂሳብ። ለደጋ ሰው ጨለማን መግፈፉ ስለሚቀድም ስሙም ከዚያው ወጣ። ሱዳኖች ግን “ከህረባ” ነው የሚሉት፤ በቃሉ ውስጥ ብርሃን የለም። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ከህረባ ማለት ቅዝቃዜ ነው፤ ከዚያም በላይ የወንዙን ውሃ ስቦ፣ አጣርቶ፣ እስከ ቧንቧው የሚገፋ ጉልበት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ የምትኖረው ካርቱም ባሕሪ ነበር። “መጀመሪያ የማራገቢያው ድምፅ ቆመ። ተኩሱ ምን ያህል እንደቀረበን የሰማነው ያኔ ነው። ቀጥሎ ቧንቧው አየር ብቻ ተፋ። ልጄ ‘ሞያ ማፊ?’ አለችኝ፤ ውሃ የለም ወይ ማለቷ ነው።” የባሕሪው የውሃ ማጣሪያ በጦርነቱ የመጀመሪያ ቀናት ሥራ አቁሞ ነበር።

“ዓባይ ጆሮህ ሥር እየፈሰሰ ትጠማለህ። ወንዙ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ አይሞላም። የምንሄደው ሴቶች ነን፤ ወንድ ከሆነ ታጣቂዎቹ እዚያው ያስቀሩታል። ተኩስ ሲጀምር ጀሪካኑን ጥለህ መሮጥ አለብህ። እኔ አንድም ቀን አልጣልኩትም።”

እሷንና ልጇን ያተረፋቸው የጎረቤቷ ዚር ነው። ዚር ብረት መቀመጫ ላይ የሚሰየም፣ ሆዱ ሰፊ የሸክላ ጋን ነው፤ ሸክላው ላብ እያወጣ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። “ሐቦባ” የሚሏቸው፣ አያት ማለት ነው፣ ሱዳናዊት አሮጊት ለዓመታት ጓሮ የተጣለውን ጋን አጥበው ኒም ዛፍ ሥር አቆሙት፤ እርጥብ ጆንያ አለበሱት፤ ከሥሩ ጠብታውን የምትቀበል ሳህን አኖሩ። ከሳህኗ ድመቷ ትጠጣ ነበር። ፍሪጁ በበኩሉ የልብስ ማስቀመጫ ሆነ።

ይህን ዕውቀት ስከታተል ብዙ ርቄ ሄድኩ። የሱዳን ገጠር ሴቶች ድፍርሱን የዓባይ ውሃ የሚያጠሩት በአንድ የሽፈራው ዝርያ ፍሬ ነው፤ ዛፉን የማጥሪያ ዛፍ ይሉታል። ፍሬው ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ሲማሰል ጭቃውን እየያዘ ወደ ታች ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሳሚያ አል-አዝሃሪያ ጃን የተባሉ ተመራማሪ ይህን ከሴቶቹ ተምረው ለሳይንሱ ዓለም አሳወቁ። እኛ ጎመን አድርገን በምንበላው ዛፍ ዘመድ እነሱ ውሃ ያጠራሉ።

“ሐምሌ ላይ ወንዙ ቀላ” አለችኝ ሴትየዋ። “የአገሬ አፈር ነው ብዬ ዳር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።”

ያ አፈር ከካርቱም ከህረባ ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1908 ቡሪ ሰፈር በተተከለ ጄኔሬተር ነው ኤሌክትሪክ ያየችው። እ.ኤ.አ. በ1966 በዓባይ ላይ የተጠናቀቀው የሮሰይረስ ግድብ በኋላ ዋና የኃይል ምንጭ ሆነ፤ ነገር ግን በየክረምቱ ደለሉ እንዲያልፍ ውሃው ዝቅ ይደረግ ነበር፣ ጭቃውና ግንዱም ተርባይኖቹን ያስቸግር ነበር። እናም የጎጃምና የወሎ ማሳ ሲታጠብ ካርቱም ትጨልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው 1,250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመረዌ ግድብ ችግሩን አቀለለው እንጂ አልፈታውም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኛው ሕዳሴ አሁን የዚያን ደለል አብዛኛውን እዚሁ ያስቀረዋል።

በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቅ የኃይል መስመርም አለን። በጦርነቱ ወቅት በዚያ መስመር ምን ያህል ኃይል እንዳለፈ አንድ የዘርፉን ኃላፊ ጠይቄ “በደብዳቤ አቅርብ” አሉኝ። አቀረብኩ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ ስልኩን አላነሱም። የገንዘብ ምስጢር አልጠየቅሁም፤ ለተጠሙ ሰዎች ምን እንደደረሰ ነበር ማወቅ የፈለግሁት።

ሴትየዋ በነሐሴ በመደኒ፣ በገዳሪፍና በመተማ አድርጋ ወጣች። ወንድሟ ባንካክ በተባለው የስልክ ባንክ መተግበሪያ የላከላት ገንዘብ ስልኳ ውስጥ ነበር፤ ስልኩ ግን ከሞተ ሳምንት አልፎታል። “ገንዘብ እያለኝ ለመንኩ” አለችኝ። በመጨረሻ የሶላር ሰሌዳ ያለው ባለ ሱቅ አስከፍሎ ቻርጅ አደረገላት።

ከዚያ ወዲህ ሱዳን ላይ የባሰው መጣ። ዘራፊዎች ትራንስፎርመር እየከፈቱ ዘይቱን አፈሰሱ፤ መዳቡን ለመሸጥ የተቀበረ ገመድ ሳይቀር ቆፍረው አወጡ። በጥር 2017 ዓ.ም. የመረዌ ጣቢያ በድሮን ተመታ። በግንቦት ደግሞ ድሮኖች የኦምዱርማንን ኃይል ጣቢያዎች መቱ፤ የሱዳን ጦር የሚዋጋውን ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ከሰሰ። ፓምፖች ቆሙ፣ ሰው ያልተጣራ ውሃ ጠጣ፣ ኮሌራ ተዛመተ። በዚያው ወር የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በአንድ ሳምንት 172 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ከካርቱም ግዛት ነበሩ። ኃይል ጣቢያን መምታት ለእኔ የውሃ ጉድጓድ ከመመረዝ አይለይም።

ከሁለት ሳምንት በፊት እንደገና ሄድኩ። ሐቦባ ወደ ባሕሪ ተመልሰዋል፤ አብረን ደወልንላቸው። ገና ሰላምታው ሳያልቅ “ሞያ ፊ?” አለቻቸው፤ ውሃ አለ ወይ? አሮጊቷ ረዘም አድርገው መለሱ። ስትተረጉምልኝ፣ “በአህያ ጋሪ፣ በበርሜል ይመጣል ትላለች። ጋኑ ተሰብሯል፤ ሌላ እየፈለገች ነው” አለችኝ።