ሳንቆፍር በአሸዋ ውስጥ ያለውን ውሃ እንዴት እንለካለን?

አሸዋ በሞላበት ሣጥን ላይ ውሃ ብናፈስ ውሃው የት ይገባል? በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ወዳለው ክፍተት ነው። ከክፍተቱ ምን ያህሉ በፈሳሽ እንደተያዘ የሚነግረን ቁጥር የሙሌት መጠን ይባላል። ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አየር ከሆነ ሙሌቱ 50 በመቶ ነው።

አሸዋውን ቆፍሮ መመዘን፣ ከዚያ አድርቆ እንደገና መመዘን ይቻላል። ችግሩ፣ አንዴ ከተቆፈረ ውሃው ነገ የት እንደሚደርስ እዚያው ቦታ ላይ መከታተል አይቻልም። የአፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ጋማ ጨረር የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሣጥኑ በአንድ በኩል በወፍራም እርሳስ (የመጻፊያው ሳይሆን ከባዱ ብረት) የተከበበ ሲዚየም-137 ይቀመጣል። ጨረሩ በጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ አሸዋውን ያልፍና በሌላው በኩል ባለው ቆጣሪ ይቆጠራል። በመንገዱ ላይ ውሃ በጨመረ ቁጥር የሚያልፈው ጨረር ይቀንሳል። 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ውሃ የሲዚየምን ጋማ ጨረር በግማሽ ይቀንሰዋል።

እስቲ እናስላው። ሣጥኑ ውስጡ 10 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ክፍተቱ 40 በመቶ ነው እንበል። ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ጨረሩ 4 ሳንቲ ሜትር ውሃ ያቋርጣል ማለት ነው። አሸዋው ደረቅ ሳለ ቆጣሪው በደቂቃ 10,000 ካሳየ፣ ሲሞላ ወደ 7,070 ይወርዳል። 8,410 ካሳየስ? ውሃው 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሙሌቱ 50 በመቶ ነው። ልብ በሉ፣ 8,410 የ10,000 እና የ7,070 እኩሌታ አይደለም፤ ስለዚህ ስሌቱ በሎጋሪዝም ነው። መጀመሪያ ደረቁን መለካትም ግዴታ ነው፤ አሸዋውና ሣጥኑ ያስቀሩት ጨረር በሁለቱም ልኬት ስላለ በማነጻጸር ይወገዳል።

ተማሪዎች «ውሃው ይመረዛል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አይመረዝም፤ ይህ ጨረር ያለፈበትን ነገር ራዲዮአክቲቭ አያደርግም። አደገኛው ሲዚየሙ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ የሕክምና ማሽን ወጥቶ ለቁራሌው የተሸጠ ሲዚየም 4 ሰዎችን ገድሏል። ስለዚህ ልጆች፣ ቁርጥራጭ ብረት ስትሰበስቡ ባለ ሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት ካያችሁ አትንኩ፤ ራቁና ለትልቅ ሰው ንገሩ።

ለክፍል ሥራ፦ በዚያው ሣጥን ቆጣሪው 9,170 ቢያሳይ ሙሌቱ ስንት ነው? (መልስ፦ 25 በመቶ ገደማ)