የራውተርን ሥራ በቤት ስለ መለማመድ



ከባሕር ዳር ወደብ በጣና ላይ የሚነሣ ዕቃ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጎርጎራ መሄዱ ታውቆ በየጀልባው ይጫናል። ራውተር የተባለው መሣሪያም ከመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሚነሣውን መልእክት አድራሻውን ተመልክቶ በሚገባው መንገድ ይመራዋል። በዚህ መሣሪያ ላይ አንዲት መሥመር በስሕተት ብትጻፍ ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» እየተባለ በመስኮቱ ፊት ቆሞ ይውላል። ስለዚህ ልምምዱ በመሥሪያ ቤቱ ራውተር ላይ ሳይሆን፣ ስሕተት ማንንም በማይጎዳበት በቤት ኮምፒዩተር ላይ መሆን ይገባዋል።

ለዚህ የሚያገለግሉት ፕሮግራሞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

አንደኛው ሲሙሌተር ነው፤ ይኸውም የራውተሩን ጠባይ ያስመስላል። የሲስኮ ኩባንያ ለተመዘገበ ተማሪ በነጻ የሚሰጠው ፓኬት ትሬሰር ከዚህ ወገን ነው። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒዩተር ይሠራል፤ የመልእክቱንም ጉዞ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ጉድለቱ ከእውነተኛው ራውተር ትእዛዞች ከፊሉን ብቻ ማወቁ ነው።

ሁለተኛው ኢሙሌተር ነው፤ ጂ.ኤን.ኤስ.3 እና ኢቭ-ኤንጂ የዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ አያስመስሉም፤ የራውተሩን እውነተኛ ሶፍትዌር በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያስነሣሉ። ስለ ሆነም ብዙ ራውተሮችን ባንድነት ለማስነሣት 16 ጊጋባይት ራም ቢኖር ይመረጣል። ፕሮግራሞቹ በነጻ ቢገኙም የሲስኮ ራውተር ሶፍትዌር አብሯቸው አይመጣም፤ ያለ ፈቃድ ከሰው ገልብጦ መገልገልም አይገባም። ፈቃድ ለሌለው ሰው ኤፍ.አር.አር. የተባለው በነጻ ይገኛል፤ ማይክሮቲክም ፍጥነቱ በሰከንድ በ1 ሜጋቢት የተወሰነ ነጻ ሶፍትዌር ይሰጣል።

በምርጫው ላይ የአገራችን ሁኔታም መታሰብ አለበት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረ ይታወሳል። ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው መሥመሩ ሲቋረጥ ትምህርቱም አብሮ ይቋረጥበታል። እንግዲህ በራስ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ የሚሠራውን መምረጥ፣ ምዝገባውንና መጫኑንም መሥመር ባለበት ጊዜ መፈጸም ብልኅነት ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ ስለሚጠፋ፣ በየጊዜው ማስቀመጥንም ልማድ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለጀማሪ የምንመክረው በፓኬት ትሬሰር እንዲጀምር ነው። ሦስት ራውተሮች አቁሙ፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ጎርጎራ ብላችሁ ሰይሟቸው፤ እያንዳንዱንም ከሁለቱ ጋር አገናኙት። ራውተሮቹ መንገድን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. የተባለውን ሥርዓት ከጻፋችሁ በኋላ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚወስደውን መሥመር ቍረጡ። መልእክቱ በጎንደር በኩል ዞሮ ጎርጎራ ከደረሰ ሥራው ተሳክቷል፤ ካልደረሰም ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ትምህርት ነው።

የምትሹት ትእዛዝ በፓኬት ትሬሰር የታጣ ዕለት ወደ ኢሙሌተሩ ለመሻገር ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ለፕሮግራሙ ሲባል አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት ደመወዝን ማባከን አያስፈልግም።