ቡና ድካምን አያጠፋም

በመካነ ሰላም ደጋ ብርድ ለፈተና ስናመሽ ከአቦል እስከ በረካ እንጠጣለን፤ ድካማችንም የተወገደ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይጠራቀማል፤ ይኸውም በሴል ሽፋን ላይ ከተሰካው ተቀባይ ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ «ተኛ» የሚለው መልእክት ወደ ውስጥ ያልፋል።

ይህ ተቀባይ በዓይን አይታይም። ሊቃውንት ግን፣ ጨው ከውሃው ሲደርቅ ቅንጣቱ በሥርዓት እንደሚደረደር ሁሉ፣ ፕሮቲኑን ክሪስታል አድርገው ኤክስሬይ ለቀቁበት፤ ጨረሩ ከተበተነበትም አኳኋን ቅርጹን አሰሉ (ኬሚስት ጓደኞቻችን፣ አሳጥረነዋልና ይቅር በሉን)። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቀባዩ ቅርጽ ታወቀ። በ2011 ካፌይን በአዴኖሲን መቀመጫ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ታየ። በ2016 ደግሞ በካምብሪጅ፣ ተቀባዩ መልእክቱን ከሚያሻግርለት ከጂ ፕሮቲን ክፍል ጋር እንደ ተጣመረ ቅርጹ ተገኘ፤ በሴሉ ውስጥ ያለው ጎኑም እንደ በር ተከፍቶ ነበር።

እንግዲህ ካፌይን መቀመጫውን ይይዛል እንጂ በሩን አይከፍትም። አዴኖሲኑ ግን አልጠፋም። የጠጣነው ካፌይን እኩሌታው ከሰውነታችን እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ በፈተና አዳራሽ ዓይናችንን የሚከድነው ያው የሌሊቱ አዴኖሲን ነው።